አዲስ የተጠበሰው ሥጋ

አክስቴ ስንዴ አይስማማትም፤ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ሳምንት ሙሉ ያስተኛታል። ከእሷ ጋር ምግብ ቤት መግባት ምስክር ይዞ ችሎት እንደ መቆም ነው። ትናንት በየመንገዱ ቅርንጫፍ ካላቸው በርገር ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ያለ ዳቦ ያዘዘችው በርገር ከነዳቦው መጣ።

«ዳቦ የነካውን አልበላም የኔ ጌታ፤ ሌላ ሥጋ በንጹሕ መጥበሻ ይጠበስልኝ» አለችው አስተናጋጁን።

«ችግር የለውም እናቴ፣ አሁኑኑ ይቀየራል።»

ሰሃኑን ሳያነሳ ከጎናችን ያሉት ጠሩትና ዞር አለ። ይሄኔ አክስቴ ዳቦውን ገለጥ፣ ሥጋውን ገልበጥ አድርጋ በሹካ ጫፍ ሁለት ዐይንና ፈገግ ያለ አፍ ወጋጋችበት። ከዚያ እንደነበረ መልሳ ደፋችው። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

አስተናጋጁ ተመልሶ ሰሃኑን ይዞ ወደ ማብሰያው ገባ። ትንሽ ቆይቶ ያለ ዳቦ፣ ሰላጣ የተጎዘጎዘለት ሥጋ ይዞ መጣ።

«አዲስ ነው?»

«ከእሳት መውረዱ ነው እናቴ። እኔው ራሴ ቆሜ ነው ያስጠበስኩት።»

አክስቴ ሥጋውን በሹካ ገለበጠችው። ያ ፊት ከነፈገግታው ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«እስቲ አሁን ያልከውን» አለችው ሰሃኑን ወደ እሱ እየገፋች፣ «ዐይኑን እያየህ ድገምለት።»