የሚክያስ ስልክ

«ደም ግፊት ነው፤ ድንገት» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ከፎንቆ ለመጡት ለቀስተኞች።

ጣቢታ ከድንኳኑ ጥግ ሆና ሰማቻቸው። አጎቷ ይህን ሲሉ ከጠዋት ጀምሮ ሰባተኛቸው ነው። መጀመሪያ «ልብ» ነበር፤ ትናንት ከሰዓት ወደ ደም ግፊት ተዛወረ።

«በሠላሳ አንድ ዓመቱ? ጨው ያበዛ ነበር እንዴ?» አሉ አንዲት ሴትዮ።

ማክሰኞ በቀብሩ ላይ የወንድሟን የሚክያስን የሕይወት ታሪክ ጽፋ ያነበበችው ጣቢታ ናት። አጎቷ «ባደረበት ድንገተኛ ሕመም የሚለውን አስገቢ» አሏት፤ አስገባች። ሰው ሁሉ አጻጻፏን አመሰገነ። ከመቃብር ስትመለስ ባትሪው የተመናመነውን የሚክያስን ስልክ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ከአራት ዓመት በፊት የማስተርስ ጥናቱን የተየበችለትም እሷ ነበረች። ሰው መሞትን የሚያስበው ለምን እንደሆነ የሚያጠና ነበር። ያልገባትን ስትጠይቀው በፈተና ወረቀት ጀርባ ሦስት ክብ ሳለላት።

«ይሄኛው ‹ለሰው ሸክም ነኝ› ማለት ነው። ይሄኛው ‹የማንም አይደለሁም›። ይሄ ደግሞ ‹ምንም አይለወጥም›። ሦስቱ ሲደራረቡ ሐሳቡ ይበረታል።»

«ለሦስት ክብ ነው ማስተርስ የሚሰጧችሁ?»

«ለአራት ፒኤችዲ ነው።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ጣቢቴ፣ አንቺ መሞት ታስቢያለሽ?»

ያን ዓመት ታስብ ነበር። ማንም ግን ጠይቋት አያውቅም። እጇን ከኪቦርዱ አንሥታ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችው። በማግስቱ ሆስፒታል ይዟት ሄደ፤ እስኪሻላት ድረስም አልተለያትም። ሐሳቡ ተመልሶ ከመጣ እንድትደውልለት አስማላት።

«አንተስ ለማን ትደውላለህ?» አለችው።

«ለአንቺ ነዋ።»

ደውሏል። የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ከመሞቱ በፊት፣ እሑድ ከሰዓት ደውሎ ስለ እናታቸው መነጽር አወራ፤ አንዱ እጀታ እንደላላ፣ ማን ጋ እንደሚሠራ። «በይ ቻው» ብሎ ዘጋ። ክቦቹን የሳለው፣ ጥያቄውን ያስተማራት ሰው! ምነው አንድ ቃል ቢተነፍስ? እሷም አልጠየቀችውም። አስተማሪውን ማን ይጠይቃል?

«የቲቸር ሚክያስ እህት ነሽ?»

አንዲት ልጅ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሊሻን እንደምትባል፣ ኮሌጁ ውስጥ ተማሪው እንደነበረች ነገረቻት። የተሰጣትን ንፍሮ ጨብጣ ይዛዋለች እንጂ አትበላም።

«እውነት በደም ግፊት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ለምን ጠየቅሽ?»

«‹ሲከፋሽ ደውይልኝ› ብሎ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ነበር። መሞቱን ሰምቼም እደውላለሁ፤ ዝግ ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይወራል። እሱ ካልቻለ እኔ...»

ስንቱን አስምለህ ነው የሄድከው፣ አለች ጣቢታ በልቧ።

«ደም ግፊት አይደለም» አለች ከዚያ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ራሱን ነው ያጠፋው። ታሞ ነበር፤ መታከም ይችል ነበር። ለማንም አልተናገረም። ለእኔም።»

«ጣቢቴ!» አሉ ጋሽ ሀብቴ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ሰው አለ እኮ!»

«አዎ ጋሼ፣ ሰው አለ።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሊሻን፣ አንቺ መሞት ታስቢያለሽ?»

ሊሻን አቀረቀረች። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ንፍሮው ከእጇ አንድ በአንድ ወደቀ።

«እሺ። ዛሬ ብቻሽን አትሆኚም። አሁን አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»

የልጅቷን እጅ ይዛ ተነሣች። በሌላ እጇ የሚክያስን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ ልትከፍተው ሞከረች። ባትሪው አልቋል። «ሌላም የሚደውል ይኖራል» አለች። ወደ ምሰሶው ሄዳ የድንኳኑን አምፖል ገመድ ከሶኬቱ ነቀለችና ስልኩን በቻርጀሯ ሰካች። እስኪበራ ድረስ፣ የሊሻንን እጅ ሳትለቅ፣ ቆማ ጠበቀች።