አንድ ቧንቧ፣ ሁለት አፍ

አምና አውሎ ነፋሱ ለዘጠኝ ቀን መብራት ሲያሳጣን፣ ሱቄ ውስጥ የነበረውን ቋሊማ በሙሉ በአካፋ ዝቄ ቀበርኩት። ምን ልደብቅ፣ አለቀስኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ ይቺው ሱቅ ናት፤ አንዴ ከተደገመ መዝጋቴ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ማዕበሉ ሳይመጣ በከተማው የጋዝ መስመር የሚሠራ ጄኔሬተር ልገዛ ቆረጥኩ።

ታላቅ ወንድሜ ኦቪድ ይህን እንደሰማ ከች አለ። እኛ ሉዊዚያና ውስጥ ወንድ ሁሉ የጄኔሬተር ሊቅ ነው።

"ክሎቲልድ፣ ከገዛሽ አይቀር ትልቁን ግዢ።"

"ያንተ የቤንዚኑ ጄኔሬተር አምና ስንት ቀን ሠራ?"

"ማደያው መብራት አጥቶ መቅዳት አቃተው እንጂ እሱ ምን በወጣው።"

"እኔስ የምልህ ይህንኑ አይደል?"

የሻጩ ቴክኒሻን ዳርኔል ሦስቱን ፍሪዘሮቼን፣ ኤሲውንና መብራቱን አንድ በአንድ መዘገበ። ፍሪዘር ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ፣ ተራ በተራ እንዲነሱ ካደረግን መካከለኛው ይበቃል አለ። ኦቪድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ትልቁን መሸከም ሰንፎ ነው" አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መካከለኛውን አስተከልኩ።

የሙከራው ቀን ዳርኔል መብራቱን አጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ፍሪዘሮቹም ተከተሉ። ዳርኔል ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

"ቆይ፣ የት ትሄዳለህ?" አልኩት።

እኛ ሰፈር ማዕበል ሲያልፍ ሰው ሁሉ በየቤቱ የሚቀልጠውን ሥጋ ተሸክሞ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም ለሁሉም እቀቅላለሁ፤ ከአማቴ የወረስኩት ወግ ነው። ስለዚህ ሱቁ ጓዳ ያሉትን ሦስቱንም የጋዝ ምድጃዎች ለኮስኩ። ጄኔሬተሩ አንዴ አጓራ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

ዳርኔል አንገቱን አከከ። "ምድጃዎቹን አልቆጠርኳቸውም። ጄኔሬተሩም ምድጃዎቹም ጋዝ የሚጠጡት ከአንድ ቧንቧ ነው፤ የጋዝ ቆጣሪው አይችላቸውም።"

"ብዬሽ ነበር፣ ትልቁን ብትገዢ ኖሮ" አለ ኦቪድ።

"ትልቁማ የባሰ ይጠጣ ነበር፣ አንተ ሰውዬ።"

ተናድጄም ተደስቼም ነበር፤ በማዕበል ሳይሆን በፀሐይ ቀን መቆሙ በጀኝ። በማግስቱ ጋዝ ቢሮ ሄድኩ። ወፍራም ቧንቧና ትልቅ ቆጣሪ እስኪያስገቡልኝ ድረስ ሦስት ሳምንት በየማለዳው ደወልኩ። መጨረሻ ላይ ስልኩን የምታነሳው ልጅ ስሜን ሳልነግራት ድምፄን ታውቅ ጀመር።

ነሐሴ ላይ ማዕበሉ መጣ። ሲነጋጋ መብራት ሄደ። በሩን ይዤ ቆምኩ። አሥር እንኳ ሳልቆጥር ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሦስቱንም ምድጃዎች ለኮስኩና ጠበቅኩ። ፍንክች አላለም።

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ሲበርድ ሰፈሩ በሙሉ ሥጋውን ይዞ ደጄ ተሰለፈ። እኔ ላቤ እየተንጠባጠበ እቀቅላለሁ፤ ፍሪዘሮቼ ውስጥ አንዲት ቋሊማ እንኳ አልላላችም። ያን ቀን ከተማው ውስጥ ክፍት የነበረች ሱቅ የእኔ ብቻ ነበረች። ኩራት ልቤን ሞላው።

ኦቪድ አንድ ፒካፕ የአጋዘን ሥጋ ጭኖ መጣ። ሥጋውን አራግፎ ጄኔሬተሩ አጠገብ ብዙ ቆመ፤ ዙሪያውን አየው፣ ቆጣሪውን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኔ መጣ።

"ለእኔ ቤትስ የትኛው ይበቃል ትያለሽ?"

ከተወለድኩ ጀምሮ ኦቪድ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።