ድፍን ዋሽንት

ኤረር በር በሚባለው የከተማ ግንብ መግቢያ ላይ ሸክላ እየሠራች ስትሸጥ ከኖረችው ከዋፊቃ እጅ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የሙዚቃ መምህሩ ዘላለም ለትምህርት ቤቱ በዓል አራት የሸክላ ዋሽንት ሊያዛት በስልኩ ፎቶ ሲያሳያት ከልቧ አዘነች። ወፍ የሚመስለው የሜክሲኮ፣ ዝይ የሚመስለው የጣሊያን፣ ዔሊ የሚመስለው የኮስታሪካ፣ እንቁላል የሚመስለው የቻይና፤ ሁሉም ተበሳስተዋል። «የሰው አገር ሸክላ ሠሪ እንዲህ ነው የሚቀልደው?» አለች በሆዷ። መምህሩን ላለማሳፈር ግን «እሺ» ብላ ትዕዛዙን ተቀበለች።

ፎቶ መጠን አይናገርምና መጠኑን በራሷ ግምት አደረገችው፤ እንቁላሉ ማሰሮ አከለ። በእያንዳንዱ ላይ አንዷን መንፊያ ብቻ ትታ ሌላውን ሁሉ ድፍን አድርጋ፣ አለስልሳ አቃጠለችው።

ዘላለም ሊወስድ ሲመጣ አንድ በአንድ አገላበጠ።

«እናቴ፣ ቀዳዳዎቹስ?»

«ደፈንኩልህ! ወላሂ፣ ውሃ ብትሞላው ጠብ አይልም።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። «በዓሉ እኮ ነገ ነው! ተማሪዎቼ ምን ሊነፉ ነው?»

አጠገቧ የምትሸጠው ሳዳ ከት ብላ ሳቀች። «ዋፊቃ፣ ዕቃ ተመለሰብሽ?»

ዋፊቃ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዕቃ ተመልሶባት አያውቅማ! እልህ ያዛትና ወፏን አንስታ «ቢስሚላህ» ብላ በመንፊያው ጠርዝ ላይ እፍ አለችበት። ቀጭን ድምፅ ወጣ።

ዘላለም ቀና አለ። ዔሊውን ነፋ፤ ወፈር አለ። ዝይዋን ነፋ፤ ሌላ ድምፅ። «እንደ እምቢልታ እኮ ነው! ተማሪዎቼ እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ይዘው እየተቀባበሉ ይነፉታል!» ብሎ ዘለለ።

እንቁላሉን ግን ቢነፋ ቢነፋ አልሰማ አለው። ዋፊቃ ተቀበለችው፤ ዕድሜ ልኩን እሳት እፍ ሲል የኖረ ሳንባ ነው፣ ጉምምም አደረገችው። ባጃጆች ሳይቀሩ ቆሙ።

«ይሄን የሚችል ተማሪ የለኝም፤ ነገ እርስዎ ይምጡልኝ» አላት።

«እኔ? ከልጆች ጋር? ያ አላህ! አይሆንም» አለች። በማግስቱ ግን አዲሱን ሻሿን አስራ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች።

መድረኩ ላይ ተራዋ ሳይደርስ ነፋችና ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። በሁለተኛው ዙር ልክ ቦታው ላይ ገባች። ጭብጨባው ሲቀልጥ ግራ ገባት፤ ሰው ሸክላዋን አንኳኩቶ ሲገዛ እንጂ ሲያጨበጭብለት አይታ አታውቅም።  ምን እንደሚደረግ ቢጠፋት ዋሽንቱን ለገዢ እንደምታሳይ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየችው።