በረዶው ይውጣልኝ

ኦቶካር ፔትሪቼክ ልደቱን ባከበረ በማግስቱ ልጁ በስጦታ ያመጣችለትን የብርጭቆ ኳስ በፎጣ ጠቅልሎ ወደተሠራበት ቤት ወሰደው። ሲነቀንቁት በረዶ የሚዘንብበት እንዲህ ያለ ኳስ ቪየና ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። የሱ ግን በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መንግሥት ሳይሆን የራሱ የአትክልት ቦታ ነው፤ አረንጓዴዋ የእንጨት ጎጆ፣ ደጇ ላይ የቀላው ቲማቲም፣ የውሃ ቧንቧው ሳይቀር።

ቦታው የአትክልተኞች ማኅበር ንብረት ነው፤ ኦቶካር ተከራይቶት ዕድሜውን ሲኮተኩት ኖሯል። ጉልበቱ ካስቸገረው ወዲህ ልጁ ሮስቪታ «በቃህ፣ ለወጣቶች ልቀቅላቸው» ስትለው ዝም አለ። እሷም ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። በወሩ መጨረሻ ቁልፉን ያስረክባል፤ ኳሱ ማስታወሻ መሆኑ ነው። ሰውዬው ትራም የሚባለው የከተማ ባቡር ሾፌር ነበር። ከወንበሩ ጀርባ «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ክልከላው የተነሣለት አልመሰለውም።

የኳሱ ባለሙያ ወይዘሮ ዘንትነር ፎጣውን ፈትታ ኳሱን ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ውሃው ጎደለ? የተጣራ ውሃ ልሙላልዎት?»

«አልጎደለም።»

«መስኮት ላይ አስቀምጠውት ነበር እንዴ? ፀሐይ ሰብስቦ መጋረጃ ያቃጥላል እኮ። ውጭ ካሳደሩትም በብርድ ይፈነዳል።»

«አውቃለሁ። በረዶው ይውጣልኝ።»

ወይዘሮ ዘንትነር መነጽሯን አወለቀች። አያቷም አባቷም እሷም የዕድሜያቸውን ግማሽ የጨረሱት በረዶው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ሲጣጣሩ ነው።

«ሰው እዚህ የሚመጣው በረዶው ቶሎ ወረደ ብሎ ሊነጫነጭ ነው» አለች።

«ቶሎ አልወረደም። ጥሩ በረዶ ነው።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

«በረዶ ሲጥል ማኅበሩ ውሃውን ይዘጋል፣ ጎጆውም ይቆለፋል። ይሄ ኳስ ደጅ አስቀረኝ። ደግሞ ቲማቲሙን ይዩት። ቲማቲም ቀልቶ በረዶ ሲጥል የት አይተዋል?»

«በረዶውን ሮዝ ላድርገውና የረገፈ አበባ ይምሰል።»

«ቲማቲም ሲቀላ የዛፍ አበባ ከረገፈ ቆይቷል።»

«ያለ በረዶ እኮ ውሃ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሰውዬ!»

«በጋ ነዋ» አለ ኦቶካር።

ሴትየዋ ብዙ ብታቅማማም ሠራችለት። ከኳሱ ሥር ያለውን የሥራ ቤቷን ማኅተም ግን ፍቃ አጠፋችው፤ የኛ ሥራ ነው እንዳይባል። ኦቶካር ቅር አላለውም። ቤቱ ገብቶ ከፀሐይ ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ከልደቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። ለልጁ ስልክ ደውሎ «አልለቅም» ማለት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይቀል ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣለትም።

እሑድ ሮስቪታ ኬክ ይዛ መጣች። ኳሱን አንሥታ ነቀነቀች። ምንም የለም። ደግማ ነቀነቀች፤ እንደቆመ ሰዓት ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል።»

«አልተበላሸም። በረዶውን አስወጥቼው ነው።»

«በረዶውን? ለምን?»

«በረዶ ካለ መግባት አይቻልማ።»

«የት መግባት?»

ኦቶካር በሹካው ጎጆዋን አሳያት፤ ከዚያ ወደ ኬኩ ተመለሰ። ሮስቪታ ኳሱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ አፈረች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አልለቅም አትለኝም ነበር? ስንቴ ጠይቄህ?»

«የጠየቅሽኝ ስለ ጉልበቴ ነው። ስለ ቦታው አልጠየቅሽኝም።»

ሮስቪታ አፍንጫዋን በወረቀት ጠረገችና ኳሱን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ነገ ማኅበሩ ቢሮ እንሄዳለን። አልለቅም ትላቸዋለህ፣ በራስህ አፍ።»

ኦቶካር ጉልበቱን ዳሰሰ።

«ጉልበቴስ?»

«እሱንም ይዘነው እንሄዳለን» አለችው።