ኮብላይዋ ፕላኔትና የምንይሉ ቁም ተዝካር

ምንይሉ መሐል ሜዳ ገበያ ሁለት ሙክት ሸጦ ሲመለስ፣ ከጨውና ከሳሙና ሌላ የዓለምን መጨረሻ ይዞ መጣ። ገና በሩ ላይ እንደቆመ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናውን ከትከሻው ሳያወርድ፣

«ጌታነሽ፣ አልቆልናል» አላት ለሚስቱ።

«ምነው? ሙክቶቹ አልተሸጡም?»

«የምን ሙክት! ዓለም ነው ያለቀው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩን ቻርጅ ሊያስደርግ ስልክ ጠጋኙ ቢያድግልኝ ሱቅ ተቀምጦ ሳለ፣ ቢያድግልኝ አንድ ቪዲዮ አሳየው። ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ ከፀሐይ ጀርባ የተደበቀች ፕላኔት አለች ይላል። እንደ ሌሎቹ በሥርዓት ፀሐይን አትዞርም፤ ከቤቷ ጠፍታ በጨለማ የምትንከራተት ኮብላይ ናት። ሰኔ አሥር ቀን ከተደበቀችበት ወጥታ ፀሐይን ታናውጣለች፣ ምድርንም ከመንገዷ ገፍትራ ትጥላለች። የሳይንስ ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ ሕዝብ እንዳይረበሽ ብለው ደብቀውታል። ከዓለም ሁሉ የተደበቀው ምስጢር እንዴት ቢያድግልኝ ሱቅ እንደደረሰ ምንይሉም አልጠየቀ፣ ቢያድግልኝም አልተናገረ።

«እሺ፣ ትምጣ። አሁን ግባና እግርህን ታጠብ» አለችው ጌታነሽ። እንደ ማንኛውም የገበያ ወሬ በሳምንቱ የሚረሳ መስሏት ነበር። ምንይሉ ግን ሦስት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰነበተና በአራተኛው ቀን፣ «ቁም ተዝካሬን አወጣለሁ» ብሎ ቁጭ!

ቁም ተዝካር እንኳ ያለ ነገር ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን መታሰቢያ፣ በቁሙ ሳለ ራሱ ደግሶ ካህናቱንና ጎረቤቱን ያበላል። ልጅ የሌለው ያደርገዋል፤ ወራሹን የማያምንም ያደርገዋል። ለፕላኔት ብሎ ቁም ተዝካር የደገሰ ግን፣ መንዝ መንዝ ከተባለ ጀምሮ ምንይሉ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ተዝካር ስበላ ኖሬያለሁ። አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ሲያልቅ የኔን ማን ሊያወጣልኝ ነው?» አለ።

«ሁሉም ካለቀ ደግሞ ማን ሊበላው ነው?»

«እኮ! ለዚህ ነዋ ቀድሜ የማበላው!»

እስቲ ይህንን ማን ይረታዋል? ጌታነሽ አቅቷት መሪጌታ ቃለአብ ዘንድ ሄዳ አቤት አለች። መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ልጄ፣ ቁም ተዝካር ማውጣት ኃጢአት አይደለም፤ ምን ብዬ እከለክለዋለሁ? እኔ ግን የሚመጣውን ዓመት ፋሲካ አስልቼ ጨርሻለሁ፤ ይህንን ንገሪልኝ» አሏት። ነገረችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጌታነሽን ያስጨነቃት ድግሱ አልነበረም፤ ገብሱ ነው እንጂ። የመኸሩን አዝመራ ውርጭ መትቶት፣ ቤት ውስጥ የቀረው ለአፍ የምትሆን ጥቂት ባቄላና ለበልግ የተቀመጠው ዘር ብቻ ነበር። ጾም ስለገባ ድግሱ ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ነው፤ ምንይሉም «ዘሩ ለጠላው ነው፤ እንዳትነኪብኝ» ብሎ አዘዘ። የበልግ ዝናብ ደግሞ ፋሲካን አይጠብቅም። ያ ገብስ በየካቲት መሬት ካልገባ በሐምሌ የሚቀመስ የለም፤ ፕላኔቷ ብትቀር ረሃቡ አይቀርም።

ዝናቡ ጣለ። አገሩ በሙሉ በሬውን ጠምዶ ወጣ። እርሻው ከምንይሉ እርሻ ጋር ድንበርተኛ የሆነው ጫኔ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁሉ ነገር የሚፎካከረው ጫኔ፣ በሁለት ቀን ዘርቶ ጨረሰ። ምንይሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ዓይኑን በእጁ ከልሎ ወደ ፀሐይ እያየ፣ «ይቺን ታክል ፈቀቅ ብትል እናያት ነበር» ይላል።

ወይ ጉድ! ደግሞ የሚብሰው ደስተኛ መሆኑ ነው። ወጥ ቀጠነ ብሎ ቤት ያናውጥ የነበረ ሰው፣ የቀረበለትን ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» እያለ ይበላል። እንጨት ይፈልጣል፤ ውኃ አብሯት ይወርዳል። መሽቶ ሲተኙ ባናውን ወደሷ ይጎትትላታል። አንጀቷን በላው። ስትመኘው የኖረችውን ባል ፕላኔት አመጣችላት፤ በምትኩ ግን ዘሯን ልትወስድባት ነው። በድብቅ እንዳትዘራው ማረስ የወንድ ሥራ ነው፤ ሞፈር ተሸክማ ብትወጣ አገር ይስቅባቸዋል።

አንድ ማለዳ፣ «ና እስቲ፣ እርሻውን አይተነው እንምጣ» አለችው። «ልንሰናበተው?» አለ። «አዎ፣ ልንሰናበተው» አለችና አስከተለችው።

የጫኔ ማሳ በቅሎ አረንጓዴ ሆኗል። የነሱ ከነገለባው ጦም አድሮ አረም ወርሶታል። ጫኔ ከማዶ አያቸውና፣ «ምንይሉ! ዘንድሮ ለበግ ነው እንዴ የተውከው?» ብሎ ሳቀ። የምንይሉ ጆሮ ቀላ።

ጌታነሽ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። «እንግዲህ ያቺ ቀን ስትደርስ፣ ሰማይ ተከፍቶ መላእክት ቁልቁል ሲያዩ የሚያዩት ይህንን ነው። የጫኔ ለምልሞ፣ ያንተ ጦም አድሮ። የማን ነው ይሄ ሲሉህ ምን ትላቸዋለህ?»

«ሁሉም ያልቃል እያልኩሽ…»

«ሲያልቅስ? ሳያርሱ መገኘት ነውር አይደለም? አባትህ አንድ በልግ እንኳ ጦም አሳድረውታል?»

ምንይሉ ጎንበስ ብሎ አረሙን ነቀል ነቀል አደረገ። እሷ ግን ከጀመረች አይቀር ሆዷ ውስጥ የከረመውን አወጣችው። «ደግሞ እኔን አታታልለኝ። ያስፈራችህ ፕላኔቷ አይደለችም። ልጅ የለንም፤ ስሞት ማን ያስበኛል ብለህ ነው።»

ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህ ነገር ከሁለቱ አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ምንይሉ ድንበሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አዎ» አለ። «ግን ለኔ ብቻ አይደለም። አንቺንስ ማን ያስብሻል? ድግሱን የሁለታችን ብዬ ነበር።»

ጌታነሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «እንድታሰብ ከፈለግህ መጀመሪያ በረሃብ አትግደለኝ!» አለችው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በሬዎቹን ጠመደ። ሲዘራ እሷ ቁናውን ይዛ ከኋላው ተከተለች፤ የመጨረሻዋ ፍሬ መሬት እስክትገባ ድረስም ቤቷ አልተመለሰችም።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ገብስ የለ፣ ጠላ የለ፤ ድግሱ እንዲሁ ቀረ። ሰኔ አሥር ቀን ምንይሉ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ እርሻው ላይ ዋለ። ገብሱ ያምራል፤ ጫኔ እንኳ ከማዶ እየቆመ በዓይኑ ይለካዋል። ጌታነሽ ምሳውን ይዛለት መጥታ አብረው እንደተቀመጡ ስልኩ ጮኸ። ቢያድግልኝ ነው።

«ጋሽ ምንይሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አዲስ ቪዲዮ ወጥቷል፤ ቀኑ ተዛውሮ ለሐምሌ አሥር ሆኗል።»

ምንይሉ ብድግ አለ። «ሐምሌ አሥር? ምን ማለትህ ነው ሐምሌ አሥር? አጨዳ ላይ ነን እኮ! ለሰውዬው ንገረው፤ እኔ ያን ቀን ሥራ አለኝ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ጌታነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ምንይሉ ግን አልሳቀም፤ ስልኩን እንደጨበጠ በገብሱ ላይ አፈጠጠ።

«ከአጨዳው በኋላስ? ትምጣ?» አለችው ሳቋ በረድ ሲል።

አንድ ዛላ ቀጠፈና በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ፣ ገለባውን እፍ ብሎ አጎረሳት።

«ከዚያም በኋላ አትምጣብኝ» አለ። «አንቺን ገና አልጠገብኩም።»

ጌታነሽ እሸቱን አፏ ውስጥ እንደያዘች እንባዋ ወረደ።