ማንም የማይቀደው ወረቀት

ቀለሙ ውሸትን እንደ ጨው ነበር የሚጠቀምበት፤ ያለሱ ነገር አይጥመውም። ሥራው እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ፣ ጣራ ላይ በፀሐይ የሚሞቁትን የውኃ በርሜሎች፣ ዱድ የሚባሉትን፣ ከፍቶ ውኃው የጋገረባቸውን ኖራ መጥረግ ነው። «ናሕሊኤል ሰፈር ካንዱ ዱድ ወይፈን የሚያህል ኖራ አወጣሁ፤ የቀረው ቀንድ ማብቀል ብቻ ነበር» ብሎ በእናቱ ስም ይምላል። እናቱ እማማ ቦጋለችም አጠገቡ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ወሬ ሞልቶት ደንበኛ ነው ያጣው። ነቬ ሐይም በሚባለው ሰፈር ያሉት ሕንፃዎች በራቸው ላይ «ሻጭና አዟሪ መግባት ክልክል ነው» ብለው ጽፈዋል። ደወል ሲጫን ስሙን ሳይጨርስ «አንፈልግም» ይሉታል። ወረቀት ሲለጥፍ ደግሞ ዶሮን የሚባል የአንዱ ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሙጫው ሳይደርቅ ይደርሳል።

«አንተን አልጠላህም ቀለሙ» ይለዋል እየቀደደ፤ «ወረቀትህን ነው።»

እስከሚመጣው በዓል ሥራ ካላገኘ ወደ ጥበቃ መመለሱ ነው፤ እናቱን ሌሊት ሌሊት ብቻቸውን ጥሎ ባዶ ፋብሪካ ሊጠብቅ። እማማ ቦጋለች ደግሞ ጨለማ ላይ ብቻቸውን ከሆኑ ከኢትዮጵያ ሲወጡ በእግር ያቋረጡት የሱዳን መንገድ ይመጣባቸዋል።

አንድ ቀን ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፉ ሥር ከጎረቤቱ ከአባ አይቸው ጋር ተቀምጦ፣ ከፊቱ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የሙት ማስታወቂያ አየ። ዝናብ መትቶታል፣ ፀሐይ በልቶታል፣ ጥቁር ጠርዙ ግን እንዳለ ነው።

«አባ አይቸው፣ ይኸንን ለምንድን ነው ማንም የማይቀደው?»

«የሞተ ሰው ወረቀት ማን ይነካል? ባለቤቱ ተነሥቶ ይቅደደው እንጂ።»

ሽማግሌው ለቀልድ ነበር ያሉት። ቀለሙ ግን ከዚያ ቀጥ ብሎ ማተሚያ ቤት ገባ። ወፍራም ጥቁር ጠርዝ፣ መሃል ላይ የራሱ ፎቶ፣ ከሥሩ በዕብራይስጥ፦ «በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን፤ ዱድዎ በኖራ ታንቆ ሊሞት ነው። ሳይቀበር ቀለሙን ይጥሩ።» ዶሮን አንብቦ ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይቀደው አለፈ። ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ቀለሙም ነገሩ ጣፈጠውና ወረቀቱን ናሕሊኤል ድረስ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ሰፈር ድረስ ለጠፈው።

ከኢትዮጵያ የመጡት ሽማግሌዎቻችን ዕብራይስጥ አያነቡም። ጥቁር ጠርዝና ፎቶ ግን ያነባሉ።

መርዶ ደግሞ ወጉ አለው። በስልክ አይነገርም፤ የሟች ቤት ተደውሎ «እውነት ነው ወይ?» አይባልም። ሰው እርስ በርሱ ይጠራራል፣ ያመቀዋል፣ ጎሕ ሲቀድ ባለ ሐዘኑ ፊቱን ሳይታጠብ አብሮ ይገባል። ለሞተ ሰው ደውሎ ማን ይጠይቃል? ቀለሙ እናቱ ሳይነቁ ማልዶ ነቬ ሐይም ጣራ ላይ ወጥቶ ኖራ ሲፍቅ፣ ከናታኒያና ከዓፉላ ከተማ የመጣው ለቀስተኛ እናቱን ከበበ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ግቢው ነጠላውን አዘቅዝቆ በለበሰ ሰው ሞልቷል። እናቱ የሞቱ መሰለው። ሰው እየገፈተረ ገባ። እማማ ቦጋለች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠጉራቸው ተላጭቷል፣ ደረታቸው በድቂያ ቆስሏል። ለቀስተኛው ሲያየው ወደ ግድግዳው ሸሸ።

«ቀለሙ» አሉ አባ አይቸው፣ «ምንድን ነው የሸጥህብን?»

እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«እህትህ ሱዳን ላይ ስትቀር አላለቀስሁላትም፤ እየሸሸን ነበር። ዛሬ ለሁለታችሁም አለቀስሁ። ጨርሻለሁ ልጄ።»

ለቀስተኛው ይዞት የመጣውን ምግብ መልሶ ጫነና ሄደ። እማማ ቦጋለችም ከመኝታቸው አልተነሡም። ቀለሙ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ወሬ ይፈጥራል፤ ዝሆን የሚያህል ኖራ እንኳ አወጣ። አልሳቁም። በዓሉ ሳይገባ ሞቱ።

ፎቷቸውን በጥቁር ጠርዝ አሳትሞ ለጠፈ። አውቶቡስ ጠባቂዎቹ ሴቶች አይተው ከንፈራቸውን አጣመሙ። ለዘመድ ሲደውል «ደግሞ በእናትህ ምን ልትሸጥ ነው?» ብለው ዘጉበት። ሊምል ፈለገ፤ የሚምለው በእናቱ ስም ነበር። ሥራቸው የሆነው ቀባሪዎች ብቻ ቀበሩለት። ሲመሽ ካዲሽ የሚባለውን የሙት ጸሎት ለማለት ዐሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ጩኸቱን በግድግዳ የሰሙት አባ አይቸው ብቻ ናቸው።

ነቬ ሐይም ሄዶ የዶሮንን ደወል ተጫነ።

«ማነው?»

«ቀለሙ ነኝ። እናቴ ሞታለች። ለካዲሽ ሰው ጎድሎን ነው።»

የዶሮን ድምፅ ከደወሉ ውስጥ መጣ፤ «ያኛው የዱዱ ማስታወቂያ ይሻል ነበር። በእናት አይቀለድም።»

ሌላውን ደወል ተጫነ። «አንፈልግም።» ከላዩ ያለውን ተጫነ። «የተጻፈውን አታነብም?»

ዶሮን በነጠላ ጫማ ወረደ፤ እጁ ላይ መፋቂያ ይዟል። ቀለሙ ጠዋት በሩ ላይ የለጠፈውን የእናቱን ፎቶ ከግንባራቸው ጀምሮ ይፍቀው ገባ።

«እሷን ተዋት» አለ ቀለሙ።

«አንተን አልጠላህም» አለ ዶሮን። የቀረውን አልጨረሰውም፤ ወረቀቱን ጨረሰው።

ቤት ሲደርስ አባ አይቸው ከምኩራቡ የተዋሷቸውን ወንበሮች እየዘረጉ ነበር።

«አገኘህ?»

«እየመጡ ነው» አለ ቀለሙ። «መንገድ ላይ ናቸው። አሥራ አምስት ይሆናሉ።»

አባ አይቸው ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌላ ወንበር ዘረጉ።