የቅቤው ሐሜት

«በቅቤ ነው የገደለችው» አለች አንዷ ለቀስተኛ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የሟች ሚስት የሺወርቅ ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ዐይኗን ጨፍና ስለነበር የተኛች መስሏቸዋል። ሌላዋ ሴት ደግሞ የሟችን ሲጋራ አነሳች፤ ሦስተኛዋ ንዴቱን። ለቅሶ ቤት ሐኪም ጠፍቶ አያውቅም። የሺወርቅ ተነሥታ የምትሟገትበት አቅም አልነበራትም። ሠልስቱ ካለፈ ወዲህ ማልቀሱም አድክሟታል፤ «አይዞሽ» የሚላት ሰው ሁሉ አድክሟታል። ያንገበገባት የአማቷ ነገር ነው። እማማ ዘቢደር ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው፣ ሐሜቱን እየሰሙ ዝም አሉ።

ባሏ ሰጠኝ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር እስከ ጊች ሲመላለስ የኖረ ቀጭን ሰው ነበር። አምና ደረቱን ሲያፍነው ጎንደር ወስዳ አስመረመረችው። ኮሌስትሮልህ ከልክ አልፏል ሲባል ሆዱን መታ መታ አድርጎ ሳቀ፤ ስብ የወፍራም በሽታ መስሎት። ሐኪሙ አልሳቀም። አባትህ በምን ሞተ ብሎ ጠየቀው። አባቱ ገና በጎልማሳነቱ እርሻ መሐል ወድቆ ነው የቀረው፤ አጎቱም እንደዚያው። ቅቤው፣ ጮማው፣ ሲጋራው ያባብሱታል እንጂ የአንተስ ሥሩ ከዘር ነው አለው ሐኪሙ፤ ወንድምህም ልጅህም ይመርመሩ።

ሲመለሱ ዳባት ላይ መኪናው ሲቆም እጇን ያዛት።

«ከዘር ነው የምትለዋን ቃል ለማንም እንዳትተነፍሻት» አላት። «የደዌ ዘር ናት ከተባለች ልጃችንን ሕሊናን ማን ያገባታል?»

የሺወርቅም ማለችለት። እሱ ግን ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ዐቢይ ጾም ሲገባ ተወው፤ ጾሙ ራሱ ያጥበዋል ብሎ። ጾሙ አላጠበለትም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት በቅሎ ሲጭን ወደቀ።

ምሳ ቀረበ። የሟች ታናሽ ወንድም አለነ አንድ ሁለቴ ጎረሰና ደረቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ምን ሆንህ አለነ?» አለችው የሺወርቅ ከፍራሹ ቀና ብላ።

«ምንም አይደል እትዬ፤ ለቅሶው ነው።»

ሰጠኝም ምንም አይደል ነበር የሚለው። የሺወርቅ ፈራች። ብትናገር መሐላዋ ይፈርሳል፣ የልጇም ስም ይነሣል፤ ዝም ብትል ደግሞ ለአለነ ሌላ ድንኳን ይተከላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ባሏ ደብቆ የት እንደደረሰ አይታለች። ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ ቅቤውን ያቀረብሁለት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሕመሙ ግን ከአባቱ የወረደ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮናል። ደብቂ ቢለኝ ደበቅሁ። አለነ እንኳን ይመርመር።»

እማማ ዘቢደር አልተቆጡም። ባላቸውን ቀብረዋል፣ የባላቸውን ወንድም ቀብረዋል፣ አሁን ደግሞ ልጃቸውን፤ ይህን ሁሉ ዘመን እርግማን ነው ሲሉ ኖረዋል።

«ልጅቱስ?» አሉ።

«እሷም ትመርመር ብሏል።»

ሕሊናን ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት። አንድ መዳፋቸውን የአለነ ደረት ላይ፣ ሌላውን የልጅቱ ደረት ላይ አሳርፈው የሁለቱን የልብ ምት ያዳምጡ ጀመር። እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል፤ የሚጠርጉበት እጅ አልተረፋቸውም። የሺወርቅ ተጠጋችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።